በሞቴ አትበሉኝ



የጤና ኮሚቴያችን ስለ ውፍረት ኦፕራሲዮን እንድናገር ሲጠይቀኝ «ሐኪም ብትጋብዙ አይሻልም?» ብዬ ነበር። «ሐኪሞቹንማ ሰምተናቸዋል፤ አሁን የምንፈልገው የተቆረጠውን ሰው ነው» አሉኝ። እንግዲህ የተቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ዋሽንግተን መሃል፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ መቀበል ነው። ስለዚህ የመድኃኒት መጠን ሊጠይቀኝ ያሰበ ካለ ከወዲሁ ተስፋ ይቁረጥ። ስለ መሶብ ግን የምለው አለኝ። ነገሩን ሁሉ መለስ ብዬ ሳየው፣ ከሐኪሙ ቢላዋ ይልቅ ያስቸገረኝ መሶባችን ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት 260 ፓውንድ እመዝን ነበር፤ በአገራችን ሚዛን 118 ኪሎ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ሐኪሞች ኪሎውን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ አካፍለው አንድ ቁጥር ያወጣሉ፤ የእኔ 45 ነበር። 30 ሲደርስ ውፍረት ይሉታል፤ 40 ከደረሰ ከባድ ውፍረት ነው። ስኳር ነበረብኝ፤ ማታ ማታ ኢንሱሊን እወጋ ነበር። ግፊትም ነበረብኝ። ጉልበቴ ደረጃ አያስወጣኝም። ሌሊት እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ እየተቋረጠ ስለሚያስቸግረኝ አየር የሚገፋ ጭንብል አፍንጫዬ ላይ አስሬ ነበር የምተኛው፤ ባለቤቴ «ከአውሮፕላን አብራሪ ጋር ነው የማድረው» እያለ ይቀልድብኛል።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ አገር ቤት ስገባ ግን ቦሌ ላይ የሚቀበለኝ ሰው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ተመችቶሻል! አሜሪካ ተስማምታሻለች!» እናቴማ ጉንጬን ይዛ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች። አትሳቁባት። እናቴ የደሴ ልጅ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ66 የወሎ ገበሬ ከየገጠሩ ወደ ዋናው መንገድና ወደ ደሴ ሲጎርፍ በዓይኗ አይታለች። በ77 ደግሞ ያው ተመልሶ መጣ። ለእንደዚህ ዓይነት ሴት የልጅ መወፈር በሽታ ነው ብሎ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? ክሳት ምን እንደሚያስከትል አይታለች፤ ውፍረት ምን እንደሚያስከትል ግን ያሳያት የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን ከእንዲህ ዓይነት እናት እጅ በልተን ያደግን ነን።

ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌላ ፍርድ አለ። «አፍሽን ብትይዢ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» የሚል። አፌንማ ይዤ አውቃለሁ። እንጀራ ትቼ አውቃለሁ፤ ውኃና ሎሚ ጠጥቼ አውቃለሁ፤ ሁዳዴን በአንድ ማዕድ ጨርሼ አውቃለሁ። እቀንሳለሁ፤ ከዚያ ከነወለዱ ይመለሳል። ለዓመታት ይህን የጠባዬ ድክመት አድርጌ ነበር የማየው። (ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።) ከዚህ ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ፣ በብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት፣ ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2016 ያወጡትን ጥናት ሐኪሜ ስታስረዳኝ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። «ዘ ቢጌስት ሉዘር» የሚባለውን የቴሌቪዥን ውድድር ታስታውሱታላችሁ፤ ወፍራም ሰዎች ካሜራ ፊት እያለቀሱ ሲሮጡ የሚያሳየውን። ተመራማሪዎቹ ከተወዳዳሪዎቹ 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመሯቸው። አብዛኞቹ ከቀነሱት ብዙውን መልሰውታል። የሚደንቀው ሌላው ነው፤ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ እያለ የሚያቃጥለው ኃይል በዚያ ክብደትና ዕድሜ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ! ሰውነት የተቀነሰበትን ክብደት ለማስመለስ ይህን ያህል ይታገላል። ረኀብ መስሎታል፤ ዝግ ብሎ እየቆጠበ ድርቁ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ከዚህ ላይ ግሬሊን የሚባል ነገር ጨምሩበት። ጃፓናውያኑ ኮጂማና ካንጋዋ በ1999 ያገኙት ሆርሞን ነው። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ፣ በተለይ ከላይኛው ክፍሉ ሲሆን አንጎልን «ርቦናል» ይለዋል። ሰው በአመጋገብ ብቻ ሲቀንስ የግሬሊኑ መጠን ይጨምራል። እንግዲህ የቀነሰው ሰው ከፊተኛው የባሰ እየራበው፣ ከፊተኛው ያነሰ እያቃጠለ ነው የሚኖረው። ይህን ሰው «አፍህን ያዝ» ማለት ምክር አይደለም።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከተጀመረ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል ሐኪም፣ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ከፊል ጨጓራቸው የወጣላቸው ሴቶች እንደሚከሱና ተመልሰው ለመወፈር እንደሚቸገሩ ያስተውላል። ለሌላው በሽተኛ ችግር የሆነው ለወፍራም ሰው መድኃኒት ቢሆንስ ብሎ፣ በ1966 ቺካሺ ኢቶ ከሚባል ባልደረባው ጋር የመጀመሪያውን ባይፓስ ሠራ። ባይፓስ ማለት ከጨጓራ ላይ ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው። እኔ የተሠራሁት ግን ስሊቭ የሚባለውን ነው። በእሱ ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣና የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ያ «ርቦናል» ባይ ላይኛው ክፍልም አብሮ ይሄዳል። የተቆረጠው አይመለስም። እዚያው ቤተስዳ በ1991 የተሰበሰቡ ሊቃውንት ቁጥሩ 40 የደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ የያዘው ሰው እንዲሠራለት ወሰኑ። በ2022 የሙያው ማኅበራት ይህን ዝቅ አድርገው፣ 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም፣ 30 የደረሰና ስኳር ያለበትም እንዲታሰብለት መክረዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እዚህ ውስጥ የሚመለከታችሁ አላችሁ።

ኢንሹራንሴ ወዲያው እሺ አላለም። ለወራት የምግብ ባለሙያ ዘንድ መመላለስ፣ የእንቅልፍ ምርመራ፣ የልብ ምርመራ፣ ከዚያ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ሴትዮዋ «ሲከፋሽ ትበያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኛ አገር ሲከፋንም ስንደሰትም እንበላለን፤ ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ያው ትሪ ነው የሚቀርበው» አልኳት። ብዙ ጻፈች። ጨጓራሽ ደህና ነው ወይ ስባልም ሳቄ መጣ፤ ጨጓራ የሌለበት አበሻ የት ይገኛል? ካሜራ አስገብተው ሲያዩ እንደጠረጠርኩት ኤች ፓይሎሪ ተገኘ፤ ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ሳይጠፋ ወደ ኦፕራሲዮን አይገባም ተባልኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት በፈሳሽ ብቻ ነበር የቆየሁት። ወፍራም ሰው ጉበቱ ላይ ስብ ስለሚከማች ያብጣል፤ የግራ ክፍሉ ጨጓራው ላይ ተኝቶ የቀዶ ሐኪሙን እይታ ይከልላል። በሁለት ሳምንት ፈሳሽ ጉበቱ ይቀንሳል።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበራ! ከሁለት ሰዓት በታች ነው የፈጀው። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ስነቃ ከሆዴ ይልቅ ትከሻዬ ነበር የሚያመኝ፤ ሆድ የሚነፉበት ጋዝ ነው አሉኝ። በዚያው ምሽት ኮሪደሩን አስጓዙኝ፣ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ። የሚያስፈሩት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱና የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱ። ከአንድ ሺህ ሰው አንድ ገደማ ይሞታል፤ ይህን ሳትሰሙ አትግቡ። በስዊድን ግን ተመራማሪዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወፍራም ሰዎችን፣ ግማሾቹ ተቀድደው ግማሾቹ ሳይቀደዱ፣ ለዓመታት ተከታትለዋል። በ2007 ባወጡት ውጤት ከተቀደዱት ይልቅ ካልተቀደዱት ብዙ ሰው ሞቷል። እኔ ሁለቱን አስተያይቼ ነው የፈረምኩት።

ከዚያ የመድኃኒት መለኪያ በምታህል ኩባያ ውኃ ፉት ማለት መጣ። ጠላት ቢኖራችሁ እንኳ ይህን አትመኙለት፤ ይጠማሃል፣ ውኃው ፊትህ ነው፣ መጋት ግን አትችልም። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ ወደ ሁለተኛው ወር ገደማ ነው ወደ ተራ ምግብ መመለስ የሚጀመረው። እዚህ ላይ የእኛ ወጥ ቤት ባለውለታዬ ነው። የምግብ ባለሙያዋ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ የሆስፒታል ጣዕም አለው፤ ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮና የተፈጨ ምስር ግን ከወረቀቱ ሕግ ጋር ይስማማሉ። በማንኪያ ነው የምበላው። ሽሮን ያለ እንጀራ በማንኪያ! ልጄ ቪዲዮ አንስታ ለዘመድ ሁሉ ልካለች። እንጀራ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሆድ ውስጥ እርጥበት ስቦ ቦታ ይይዛል፤ ሕጉ ደግሞ ፕሮቲን ይቅደም ነው፣ በቀን ከ60 ግራም እንዳያንስ። ምግብና ውኃ አብሮ አይሄድም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ቡና ተከልክዬ ከርሜ ስመለስ አቦሉን ለእንግዳ ትቼ በረካውን ብቻ እጠጣ ነበር።

ስኳሩ ግን ክብደቴ ገና ሳይነቃነቅ ነው የወረደው። ኖርዝ ካሮላይና ይሠራ የነበረ ዋልተር ፖሪስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ይህን በ1995 ጽፎት ነበር፤ በሽተኞቹ ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ኢንሱሊን ማስፈለጉ ይቀርላቸው ነበር። የእኔም እንደዚያ ሆነ። በዓመቱ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳሬ ከ8.9 ወደ 5.8 ወርዶ፣ ጭንብሉም ቁም ሣጥን ገብቶ ነበር። ክብደቴ 82 ኪሎ ላይ ቆመ። ቁጥሬ 31 ነው፤ በሐኪሞቹ መዝገብ አሁንም ወፍራም ነኝ። መንገድ ላይ ቀጭን ሴት ታያላችሁ ብላችሁ ከሆነ የመጣችሁት ይቅርታ።

አሁን ወደ መሶቡ ልመለስ። ሦስተኛው ወር ላይ ፀጉሬ ይረግፍ ጀመር፤ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሚመጣ ነው፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። ያኔ ግን ፊቴ ወርዷል፣ ፀጉሬ ሳስቷል፣ ልብሴ ሰፍቶብኛል። በዚህ መልክ ነው ወደምንጠጣው የማርያም ማኅበር የሄድኩት። ዓይኖች ሁሉ እኔ ላይ ናቸው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት አገር ቤት በድንገት ከስቶ የታየ ሰው ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ፤ በሽታው ስሙ አይጠራም፣ በሹክሹክታ ብቻ ያልቃል። ያ ሹክሹክታ አትላንቲክን ተሻግሮ መጥቷል። ባለቤቴ «ለማንም አትናገሪ፣ ዳይት ነው በዪ» ብሎኝ ነበር።

አንዲት ትልቅ እናት ዶሮውን ጠቅልለው «በሞቴ!» አሉኝ። «በቃኝ እማማ» አልኩ። «በሞቴ፣ በአፈር ስሆን!» ሰው ሞቱን እየጠራ ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። «አንድማ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ሁለተኛው ደረቴ መሃል ተቀረቀረ። አፌ በምራቅ ሞላ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የሆነውን ሆንኩ። ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እዚያው ቆሜ «አልታመምኩም፤ ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው» አልኩ። ለጥቂት ጊዜ የሚናገር ጠፋ። እማማ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት፤ «ታዲያ ለምን አትነግሪንም? በትንሹ እናጎርስሽ ነበር!»

ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬ አላረፈም። ልሠራ አስቤያለሁ የሚሉ ደወሉ። ከሁሉ ያስገረሙኝ ግን ቀድመው የተሠሩት ናቸው፤ ስንቶች እንደሆኑ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከእህቷ የደበቀች አለች። ከባሏ ቤተሰብ የደበቀች አለች። አንዱ «ላብ አውጥቼ ነው የቀነስኩት» እያለ ጓደኞቹን ጂም ይዟቸው ይሄዳል። የደበቀ ሰው ደግሞ ግብዣ ላይ እንዳይነቃበት ይበላል፤ በልቶ ያስመልሳል፤ ቫይታሚኑን ሰው ፊት አይውጥም፤ ቀጠሮውን ይዘላል። ጉዳቱ ከሐሜቱ አይበልጥም ወይ?

እናቴን በቪዲዮ ያነጋገርኳት ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ፊቴን አይታ ዝም አለች፤ ከዚያ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ደሴ ላይ ያየሁትን ፊት ነው ያሳየሽኝ» አለች። ስለ ኢንሱሊኑ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ጭንብሉ ነገርኳት። ብዙ ካዳመጠች በኋላ «ስኳሩ ይሂድ፣ ደግ። አንቺ ግን ብይ» ብላ ዘጋችው። እስከ አሁን የደረስንበት ስምምነት ይኸው ነው።

ስለ ጾም ሳልናገር ብወርድ ኮሚቴው አይለቀኝም። የመጀመሪያውን ዓመት የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ «የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ፣ በጸሎት ጹሚ» አሉኝ። ይህን ፈቃድ ከእኔ አትውሰዱ፣ ከየራሳችሁ አባት ጠይቁ። የምነግራችሁ የሰውነቱን ነገር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ቀስ እያለ ፉት ለሚል ሰው አደገኛ ነው፤ ያልጠጣውን በአንድ ጊዜ ማካካስ አይችልም። ሙስሊም ወገኖቻችንም ለረመዳን ይህንኑ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ሌላው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ነው። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ እኛ ደግሞ የዓመቱን ከግማሽ በላይ ከእነዚህ እንርቃለን። ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ሰውነት ያለችውንም በደንብ አይስብም። ሁለቱ ሲገናኙ እግር መደንዘዝ፣ ደም ማነስ፣ መርሳት ይመጣል። ምሱ ቀላል ነው፤ ክኒን ወይም መርፌ፣ ዕድሜ ልክ።

«ታዲያ ኦዘምፒክ የሚባለው መርፌ እያለልን መቆረጥ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። መርፌው ደግ ነገር ነው። የዚያው መድኃኒት ወንድም የሆነው ዌጎቪ በ2021 ለውፍረት ተፈቅዷል፤ በዋናው ጥናት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሷል። ሲያቆሙት ግን ብዙው ይመለሳል፤ ሰውነቱ አሁንም ያው የሚታገል ሰውነት ነዋ። ኦፕራሲዮኑ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን ከዓመታት በኋላ የተወሰነ ይመለሳል። የትኛው እንደሚሻላችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ። በርካሽ ዋጋ ብላችሁ ኢስታንቡል ለምትሄዱት አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቢያተኩሳችሁ የምትደውሉት ለማን ነው? እሱን ሳትመልሱ ትኬት አትቁረጡ።

እኔም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነልኝም። ቃር አለብኝ፤ ስሊቭ ብዙ ሰው ላይ ያመጣል። የክንዴ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ክትፎ አምሮኝ ሦስት ማንኪያ ላይ ቆሜ ሳህኑን የማይበት ቀን አለ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ብትጠይቁኝ እደግመዋለሁ።

እናቶቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፤ ማጉረሱን አትተዉ። እንግዳ በቃኝ ሲላችሁ ግን ሞታችሁን አትጥሩበት። እቃ አምጡና ቋጥሩለት፤ ቤቱ ገብቶ በሰዓቱ ይበላዋል። ተሠርታችሁ የደበቃችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ ለእኔም ለማንም መናገር የለባችሁም። ቢ12፣ ብረትና ቫይታሚን ዲ ከተመረመራችሁ ዓመት ካለፋችሁ ግን ሰኞ ጠዋት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ።